እህቴ ስክሪኑን በሜትር ስትለካ

እህቴ ታፔላ ጻፊ ናት። «ነበረች» እንዳላልኩ ልብ በሉልኝ። ከወርክሾፓችን ወጥታችሁ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ብትራመዱ የምታነቧቸው ስሞች፣ የፋርማሲው፣ የጫማ ሠሪው፣ የሁለቱ ፀጉር ቤቶች፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው፣ ሁሉም ከእሷ እጅ የወጡ ናቸው። ሰሌዳውንና ፍሬሙን የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ አናጺ ነኝ፣ ታናሽ ወንድሟ። መንገደኛ ቆም ብሎ ፊደሏን ሲያደንቅ ፍሬሙን የሚያነሳ አንድም ሰው የለም። ይሁን፣ ለምጄዋለሁ።

ሰፈሩ «እትዬ ብሩሽ» ነው የሚላት። አጭር ናት፤ መሰላል ላይ ከወጣች ግን እኛ ነን የምናጥረው፣ ከዚያ ላይ ሆና ሁላችንንም ስለምታዘን። ምላሷ ምላጭ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ በነጭ ላይ በቢጫ ካልጻፍሽልኝ ብሎ ሙጭጭ ሲልባት፣ በነጭ ላይ ቢጫ የሚያጽፍ ሰው የሚደብቀው ነገር ያለው ሰው ነው ብላ በቀይ ጻፈችለት። ሰውዬው እየተነጫነጨ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆይ ወንድሙን ደንበኛ አድርጎ ይዞልን መጣ።

ከዚያ የፕላስቲክ ባነር መጣ። ፊት ለፊታችን አንድ ሰው ማሽን ተክሎ ሱቅ ከፈተ። እህቴ በእርሳስ መስመር አስምራ ሳትጨርስ እሱ የአንድ ሱቅ ግንባር የሚሸፍን ነገር አትሞ ያስረክባል። ፊደሉ የተጨማደደ፣ ቀለሙም አንድ ክረምት የማይችል ነው፤ ሰው ግን ወደዚያው ጎረፈ። ወርክሾፓችን ጭር አለ። እኔስ በርም መስኮትም እሠራለሁ፤ እሷ ግን የምታውቀው ፊደል ነው።

የልጇ ባል የሕንፃ መሣሪያ መደብር አለው። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ እምቢ ማለት በቀለላት። ገንዘብ መቀበያው ጋ ትራስ ያለው ወንበር አዘጋጅቶ፣ እማማ ከመሰላሉ ይውረዱና እዚህ ይቀመጡልኝ አላት። እህቴ እሺም እምቢም ሳትል ወደ እኔ መጣችና መላጊያዬን እስካስቀምጥ ጠበቀች።

«አንድ ነገር እሞክራለሁ» አለችኝ። «እሱ አልሆን ካለ ሄጄ ከወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ። ብሩሾቹን ላንተ ለሙጫ መቀቢያ እተውልሃለሁ።»

ሙጫ በእሷ ብሩሽ ልቀባ!

የምትሞክረው ነገር የክሊኒኩ ነበር። ከመንገዱ ጥግ ያለው ክሊኒክ ታፔላ የእሷ ሥራ ነው። ቀለሙን ላድስላችሁ ልትል ሄዳ ሥራ አስኪያጁ ታፔላስ ደህና ነው፣ የቸገረን ድረ ገጽ ነው አላት። እናቶች የክትባት ቀን እየተሳሳቱ፣ ሕፃን አዝለው በከንቱ እየመጡ ይመለሳሉ፤ ስልኩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ «መቼ ነው?» በሚል ጥያቄ ተይዞ ይውላል። አንድ ድርጅት ልሥራላችሁ ብሎታል፣ ገና አልተዋዋሉም። እህቴም ዓይኗን በጨው አጥባ «እኔ እሠራዋለሁ» አለችው። ያኔ ኮምፒውተር የምታውቀው ልጇ ፎቶ ስታሳያት ብቻ ነው። ሰውዬው ሳቀ። እሷ አለመሳቋን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ አዲሱ የሕፃናት ክፍል ከመከፈቱ በፊት ሠርተው ያሳዩኝ፣ ከሆነ የሁለቱም ቅርንጫፎቻችን ሥራ የእርስዎ ነው አላት። ጨዋ ሰው ነው።

ከዳቦ ቤቱ ፎቅ ላይ ያለው የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተመዘገበች። የልጇ እኩዮች መሐል መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጠዋት ጠዋት ትቀመጣለች። አሠልጣኙን ተማሪዎቹ «ድርብ ሰረዝ» ነው የሚሉት፤ ከሰው ትከሻ ላይ ጎንበስ ባለ ቁጥር «ድርብ ሰረዟ የታለች?» ስለሚል። ኮድ ላይ እያንዳንዱ ትእዛዝ በዚያች ምልክት ካልተዘጋ ቀጣዩም አብሮ ይበላሻል። እህቴ ደግሞ ትምህርቱን በጀመረች ሰሞን ምልክቷን አንድም ሳትዘነጋ አስቀምጣ ገጿ ንቅንቅ አልል አላት። ኮምፒውተሩን ሰደበችው፣ ኪቦርዱን ገልብጣ አራገፈችው። ለካ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ነው የጻፈችው፤ ያስቀመጠችው የእኛውን ባለ ሁለት ነጥብና ሁለት ሰረዝ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጆቹን ብቻ ነው። የእኛዋ ታምራለች እኮ ብላ አሠልጣኙን ልትከራከረው ሞከረች።

እኔ ከእሷ እየሰማሁ የገባኝ ይህን ያህል ነው። አንድ ድረ ገጽ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጽሑፉ ራሱ ነው፤ ይሄ ርዕስ ነው፣ ይሄ አንቀጽ ነው፣ ይሄ ስልክ ቁጥር ነው እየተባለ ይጻፋል። ሁለተኛው ስታይል ሺት የሚሉት ነው፤ ርዕስ ሁሉ አረንጓዴ ይሁን፣ መስመር ሁሉ ይህን ያህል ይራራቅ ብሎ ለገጾቹ ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚያዝ ደንብ ነው። ጽሑፉ እርቃኑን ይመጣል፣ ስታይል ሺቱ ያለብሰዋል።

ይህ ነገር ለእህቴ ስድብ ሆነባት። ቃሉን አንድ ቦታ ጽፎ መልኩን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ምን ይሉት ሥራ ነው? ታፔላ ላይ ፊደሉም ቀለሙም ባንድ እጅ፣ ባንድ ትንፋሽ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አሠልጣኙ ደንቡን አንድ ቦታ ይጻፉት እያለ ሲለምናት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ፣ እያንዳንዱን ርዕስ፣ እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ ቀለምና መጠን እየሰጠች መጻፍ ያዘች። በሥርዓት ይሠራል፣ ያምራልም። ድካሙ ግን አይጣል ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ስተርባት፣ ሞኙን ልቀበል፣ ወረቀቱ ግን አንተ ነህ አለችኝ።

አንድ ቀን ጠዋት ከልጇ የተዋሰችውን ላፕቶፕ ታቅፋ ወርክሾፕ ገባችና ሳትጠይቀኝ ሜትሬን ከወገቤ ላይ መዘዘችው። ሜትሬን ለሰው አላውስም፤ ይህን መላው ሰፈር ያውቃል። እሷ ግን ላፕቶፑን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ከፍታ ሜትሩን በስክሪኑ ላይ ዘረጋችው። ወርዱን ለካች፣ ቁመቱን ለካች፣ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈች።

«ግድግዳውን ሳይለካ ታፔላ የሚጽፍ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አላየሁም አልኳት። አላየሁማ! ጭራሽ እኔም ስኳድራዬን አምጥቼ የስክሪኑ ማዕዘን ቀጥ ማለቱን አረጋገጥኩላት። ሁለታችንም ቁም ነገር የሠራን መስሎን ኮራን። የኮምፒውተሩ ሴንቲሜትር ከእኔ ሜትር ጋር አልስማማ ሲል ደግሞ ሜትርህ ውሸታም ነው ብላኝ፣ ገጿ ከስክሪኑ ጫፍ እስከ ጫፍ ልክክ እስኪል ድረስ ቁጥሩን ስታሳንስና ስትጨምር ከረመች።

ስትጨርስ እውነትም ግሩም ነበር። ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ በላዩ ላይ የክሊኒኩ ስም በነጭ። የአንዱ መስመር ፊደል እግር ከታችኛው መስመር ፊደል ራስ ጋር እንዳይላተም አራርቃ ደርድራዋለች፤ የሌሎች ገጾች አማርኛ እኮ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ተጠጋግቶ ነው የሚቆመው። የሐኪሞቹ ስም በግራ፣ የክትባቱ ቀን በቀኝ፣ ስልክ ቁጥሩ ከሥር። ፍሬም ባልሠራለትም ወደድኩት።

ሰኞ ዕለት ላፕቶፑን ይዤላት አብረን ሄድን። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ውስጥ ዋናዋ ነርስ፣ ሲስተር የሚሏት፣ ተቀምጣለች። እህቴ ከፍታ አሳየቻቸው። ሲስተር አፏን በእጇ ያዘች፣ ሥራ አስኪያጁም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ መቀመጥ ጀመርኩ። ከዚያ ሰውዬው ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

አሠልጣኙ ኢንተርኔት ላይ ያወጣላትን ገጽ በስልኩ ሲከፍት የክሊኒኩ ስም ግማሹ የለም። የሐኪሞቹ ስም ይታያል፤ የክትባቱ ቀን ግን በቀኝ በኩል ከስክሪኑ ውጪ ቀርቷል። ስልክ ቁጥሩ መጨረሻው ተቆርጧል። በጣት ወደ ጎን እየጎተቱ ካልፈለጉት አይገኝም፣ ሲገኝ ደግሞ ሌላው ይጠፋል። ሥራ አስኪያጁ ጎተተው፣ መለሰው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«እናቶቹ ኮምፒውተር የላቸውም እኮ፣ እትዬ» አላት በቀስታ።

የድርጅቱ ሰው ሐሙስ እንደሚመጣና እስከዚያ ካስተካከሉት አምጥተው እንዲያሳዩት ነገራት። ቁጣ የለበትም፣ ንቀት የለበትም፤ ለዚያ ነው የባሰው። እህቴ ኩም አለች። መሰላል ላይ ሆና ነፋስ ሲወዘውዛት ያልፈራች ሴት የቢሮውን በር መክፈቻ አጥታ ስትዳብስ አየሁ።

ወርክሾፕ ስንደርስ ብሩሾቿን አወጣችና ማጠብ ጀመረች። ንጹህ ናቸው፤ ከተነኩ ቆይተዋል። አንድ በአንድ አጥባ በጨርቅ እየጠቀለለች ወደ እኔ በኩል ስትደረድራቸው ምን እያደረገች እንደሆነ ገባኝና ደሜ ፈላ።

«ሂሳብ መቀበል ካማረሽ ሂጂ፣ አልይዝሽም» አልኳት። «እኔ ግን በብሩሽሽ ሙጫ አልቀባም። ውሰጃቸው።»

ብሩሾቹን ሰብስባ ወሰደቻቸው።

በማግስቱ ጠዋት ከቤት ስወጣ ሜትሬ የለም። መንገዱን ይዤ ስሄድ ፀጉር ቤቱ በር ላይ አገኘኋት፤ ፀጉር አስተካካዩን መቀሱን አስጥላ ስልኩን እየለካች ነው። ከእሱ ወደ ጫማ ሠሪው፣ ከጫማ ሠሪው ወደ ፋርማሲዋ ልጅ፣ ከዚያም አውቶቡስ የሚጠብቁ ሰዎች ዘንድ ሄደች። እባክህ ልጄ፣ ስልክህን አንዴ ትላለች፤ ሜትሩን ትዘረጋለች። አንዱ ሹፌር ስልኬን ልታሻሽጪልኝ ነው ወይ ብሎ ጠየቃት። ሰው እየሳቀ ነው። እኔ የማላውቃት ለመምሰል የመድኃኒት ማስታወቂያ ሳነብ ቆየሁ።

የሁሉም ይለያያል። የአንዱ ይረዝማል፣ የሌላው ይሰፋል፣ የጫማ ሠሪው ጠባብና ግማሹ የተሰነጠቀ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ስልኩን በጎኑ አጋድሞ ነው የሚያየው። እህቴ መዳፏ ላይ የምትጽፍበት ቦታ አጣች። ከዚያ መንገዱ መሐል ቆመች፤ መዳፏን አየችው። ሜትሩን ጠቅልላ ወደ እኔ መጣችና እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

«ይሄ ግድግዳ አይለካም» አለችኝ። «ሰዉ ግድግዳውን ኪሱ ይዞ ነው የሚዞረው።»

ቀጥታ ወደ ማሠልጠኛው ሄደች። ድርብ ሰረዝ ይህንኑ በጅማሬው ሳምንት እንዳስተማራት አስታወሳት፤ እውነቱን ነው፣ አስተምሯል። ስፋቱን በሴንቲሜትር ሳይሆን በመቶኛ ስጡት፣ ስክሪኑ ሲጠብ አብሮ ይጥበብ፣ ሲሰፋ ይስፋ ብሏቸው ነበር። እሷ ያኔ ለርዕሶቹ ቀለም በመምረጥ ተጠምዳ አልሰማችውም። አሁን ግን ሌላ መከራ መጣ። ቀለሙንና መጠኑን በየመስመሩ ለየብቻ ስለጻፈችው ከአንድ ቦታ ላስተካክል ብትል አይሆንም፤ ገጾቹ ሁሉ ላይ ያለው ልብስ መውለቅ አለበት። አሠልጣኙ ይህን ሲነግራት ፈራ ተባ እያለ ነበር። እሷ ግን ካልደፈረሰ አይጠራም ብላ ተቀመጠች።

ስትሰርዝ አጠገቧ ነበርኩ። አረንጓዴው ጠፋ፣ መራራቁ ጠፋ፣ የክሊኒኩ ስም ከሐኪሞቹ ስም በላይ ተራ ጥቁር ፊደል ሆኖ ከነጭ ገጽ ግራ ጥግ ተለጠፈ። ያ ሁሉ ድካም። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር። እሷ መነጽሯን አጠበቀችና አዲስ ባዶ ፋይል ከፈተች።

ከዚህ በኋላ የሠራችውን ሥራ ስናገር እኮራለሁ፤ ባለሙያ ሰው ሥራውን እንደገና ሲማር ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ከትንሹ ነው የጀመረችው፣ ከጫማ ሠሪው የተሰነጠቀ ስልክ። ሰውዬውን ለምና ስልኩን ተውሳ አጠገቧ አስቀመጠች። በዚያች ጠባብ ስክሪን ላይ መጀመሪያ መታየት ያለበት ምንድን ነው ብላ ሲስተርን ጠየቀቻት፤ የክትባት ቀንና ስልክ ቁጥር ነው፣ የሐኪም ስም ማን ይፈልጋል አለቻት ሲስተር። እሱን ከላይ አወጣችው። ስልክ ቁጥሩን አንድ ጊዜ ሲነኩት እንዲደውል አድርጋ ለአውራ ጣት የሚበቃ ሰፊ ቁልፍ ሠራችለት። ከዚያ ሌላ ደንብ ጨመረች፦ ስክሪኑ ሰፋ ካለ ሁለቱ ረድፎች ጎን ለጎን ይቁሙ፣ ከጠበበ አንዱ ከሌላው ሥር ይግባ። ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ ነው፣ ገጾቹ ሁሉ ከዚያ ይወስዳሉ።

አረንጓዴው ትንሽ ጨለመብኝ አለችና አንድ መስመር ላይ አንድ ቁጥር ቀየረች። ገጾቹን አንድ በአንድ ከፈተች። ሁሉም ላይ ተቀይሯል፤ ርዕሶቹ፣ ቁልፎቹ፣ የገጹ ግርጌ ሳይቀር። ትደሰታለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷን አጨማደደች።

«ይሄንን ነው እንግዲህ እምቢ ስል የከረምኩት» አለች። ከዚያ ሳቋ መጣ፣ እኔንም ይዞኝ ሄደ። የጎረቤት ሰዎች ምን አገኙ እስኪሉ ድረስ ሳቅን።

ሐሙስ ክሊኒኩ ስንደርስ ላፕቶፑን አልከፈተችም። ሥራ አስኪያጁን ለአንድ አፍታ ወደ ተራ መጠበቂያው ይውጡልኝ አለችው። ኮሪደሩ ላይ እናቶች አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልተው፣ የሚያለቅስ ሕፃን ይዘው፣ የተኛውን ሕፃን አዝለው ተቀምጠዋል። እህቴ ስልክ ያላችሁ እስቲ ይህን ገጽ ክፈቱልኝ ብላ አድራሻውን ነገረቻቸው። ከፈቱ። ትልቁም ላይ፣ ትንሹም ላይ፣ ደብዛዛው ላይም ልክክ ብሎ ተቀመጠ። አንዷ ወጣት እናት በአንድ ክንዷ ሕፃኗን አቅፋ በሌላ እጇ አውራ ጣት ብቻ ነበር የምትነካው። ቀና ብላ ወደ ሲስተር አየች።

«ክትባት ማክሰኞና ዓርብ ነው እንዴ? ዛሬ ሐሙስ አይደል? ይሄን ሁሉ መንገድ በከንቱ ነው የመጣሁት በይኛ!»

ኮሪደሩ በሳቅ ሞላ። ሲስተር ዛሬስ መጥተሻልና ግቢ ብላ ሕፃኑን ተቀበለቻት። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም። የራሱን ስልክ አውጥቶ ገጹን አየው፤ ስልኩን አጋደመው፣ ረድፎቹ ጎን ለጎን ቆሙ፤ አቀናው፣ አንዱ ከሌላው ሥር ገባ። ደጋግሞ አጋደመው፣ አቀናው። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ለድርጅቱ ሰው ይቅርታ ጠየቀና እንዳይመጣ ነገረው። ለእህቴም ሰኞ የሁለቱን ቅርንጫፎች ኃላፊዎች ጠርቼ አገናኝዎታለሁ አላት።

እህቴ አመሰግናለሁ አለችና ዞራ እናቶቹንም አመሰገነች። እኔ ከኋላ ቆሜ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኮራሁ። ሌላ ቃል አልፈልግለትም።

ቅዳሜ አማቿ መኪናውን በራችን ላይ አቆመ። ወንበሩ ከተዘጋጀ ቆይቷል፣ እማማ እንግዲህ ዕቃዎትን ላጓጉዝልዎት ብሎ ነው የመጣው። እህቴ ቆማ ተቀበለችው፣ ግንባሩን ሳመችው።

«ልጄ፣ ስላሰብክልኝ ተባረክ። ወንበሩ ላይ ግን ደንበኛ ይቀመጥበት። እኔ ሥራ ይዣለሁ።»

የሆነውን ነገረችው፣ ገጹንም በራሱ ስልክ አሳየችው። ሰውዬው አገላብጦ ሲያየው ቆየና፣ እንዲያ ከሆነ ለእኔም መደብር አንድ ይሥሩልኛ አላት። ሚስማሩንም ሲሚንቶውንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ቢያየው ብሎ ማሰብ ጀመረ። እህቴ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አስተካከለች።

«እሠራልሃለሁ። ግን ተራ አለው። ከፊትህ ሁለቱ ቅርንጫፎች አሉ፣ ፀጉር አስተካካዩም ትናንት ነግሮኛል። ጠብቅ።»

ስንት ዓመት ከአማቱ ጋር የኖረ ሰው ተራ ጠብቅ ሲባል ወደ እኔ ዞረ። እኔም መላጊያዬን አስቀምጬ «እህቴ ናት» አልኩት። የሚያውቀውን ነገር ነው የነገርኩት፤ ግን ማለት አማረኝ።